የኮንሶ ካብ በጌዴኦ ተዳፋት፦ የስምንት ወር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 2017፤ መነሻው

ቦታው የአያቴ ነው። ጌዴኦ ውስጥ፣ ከዲላ ወጣ ብሎ ወደ ደጋው። ስፋቱ ሩብ ሄክታር አይሞላም። ተዳፋቱ ግን ኃይለኛ ነው፤ በሲባጎና በሜትር ስለካው 40 በመቶ ሆነ፣ ማለትም አሥር ሜትር ወደ ፊት ሲኬድ አራት ሜትር ይወርዳል።

ከላይ በኩል የነበሩት ዋንዛና ብርብራ ከዓመታት በፊት ተቆርጠው ባህር ዛፍ ተተካ። ኋላ ባህር ዛፉም ተሸጠ። መሬቱ ባዶውን ቀረ። አሁን መሐሉ ላይ 17 ሜትር የሚረዝም ቦረቦር አለ። ገብቼ ስቆም ደረቴ ድረስ ይደርሳል።

ለምን አሁን? ሐምሌ 2016 ጎፋ ላይ መሬት ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያን ሰሞን ዝናብ በጣለ ቁጥር እናቴ እንቅልፍ አልነበራትም። ቤቷ ከቦረቦሩ በታች ነው። እኔም ከዚያ በኋላ ያን ቦታ እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም።

የጌዴኦ መሬት የሚያዘው በዛፍ ነው። ከላይ ረጃጅሙ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ዝናቡ መሬት ሳይደርስ ሦስት ቦታ ላይ ጉልበቱ ይሰበራል፤ የረገፈው ቅጠል ደግሞ የተረፈውን ይጠጣዋል። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም (መስከረም 2016) ይኸው አኗኗር ከነትክል ድንጋዮቹና ከነተከበሩት ደኖች ጋር ነው። ችግሩ አንዴ ከተቀደደ በኋላ መልሶ መጠገኑ ላይ ነው። በ2015 ክረምት 60 ችግኝ ተክለን 11 ቀረልን። ሌላውን ጎርፉ ነቅሎ ወሰደው። ችግኙ ሥር እስኪሰድ መሬቱን የሚይዝለት ነገር ያስፈልጋል።

አጎቴ ነው «ኮንሶዎችን እንጠይቅ» ያለው።

ታኅሣሥ 2017፤ ኮንሶ

አራት ሆነን ሄድን። አጎቴ፣ የአጎቴ ልጅ፣ ችግኝ በማፍላት ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ጎረቤታችንና እኔ። በሐዋሳ፣ ሶዶና አርባ ምንጭ ዞረን፣ አርባ ምንጭ አድረን። መጓጓዣ ለአራት ሰው ደርሶ መልስ 8,000 ብር፣ አልጋና ምግብ 5,600።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በተደራጀ የልምድ ልውውጥ ጉዞ ኮንሶ ሄጄ ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው ነበርን። ግማሽ ቀን እርከን አየን፣ ፎቶ ተነሳን፣ አበል ፈርመን ተመለስን። ካብ እንዴት እንደሚቆም አንዲት ነገር ሳላውቅ መጣሁ። ስለዚህ አሁን በዩኒቨርሲቲ የማውቀውን የኮንሶ ልጅ «ማየት አንፈልግም፣ ድንጋይ መሸከም ነው የምንፈልገው» አልኩት። አባቱ የፈረሰ ካብ እየጠገኑ ስለነበር ሳቁና እሺ አሉ። አምስት ቀን ሠራን።

ኮንሶዎች እርከኑን ካዋታ ይሉታል። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከ400 ዓመት በላይ፣ 21 ትውልድ የዘለቀ ሥራ ተብሎ ነው። አንዳንድ ቦታ ካቡ እስከ አምስት ሜትር ይቆማል። ያለ ሲሚንቶ፣ ያለ ጭቃ። ከሩቅ ሲያዩት ተራራው ራሱ ደረጃ ሆኖ የተፈጠረ ይመስላል። ከቅርቡ ግን እያንዳንዱ ሜትር ላይ የተጠገነ ቦታ አለ። አዲስና አሮጌ ድንጋይ በቀለሙ ይለያል። እኔን የገረመኝ እሱ ነው፤ አንዴ ተሠርቶ የተተወ ነገር የለም።

እጄ የተማረውን ልጻፍ።

መሠረቱ ለስላሳ አፈር ላይ አያርፍም። እስከ ጠንካራው ድረስ ይቆፈራል። ትልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ መጋጠሚያው በአንድ መስመር ወደ ላይ ከሄደ ካቡ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል። ረጅም ድንጋይ ሲገኝ ርዝመቱን ለዕይታ አይዘረጉትም፣ ጭራውን ወደ ውስጥ አድርገው ይቀብሩታል። እኔ ሦስቴ ለዓይን እንዲያምር ብዬ በጎኑ አስተኛሁት፤ አባትየው ሦስቴም ምንም ሳይናገሩ አውጥተው አዞሩት። ካቡ ወደ ተራራው ትንሽ ይጋደማል። ከጀርባው ደግሞ አፈር በቀጥታ አይሞላም፤ ደቃቅ ድንጋይና ጠጠር ይቀድማል።

የማሳው ውስጥ ደግሞ በትንንሽ ጉድጓዳ መደብ የተከፋፈለ ነው። የወደቀው ዝናብ እዚያው እንዲሰርግ። ሲበዛ የሚወጣበት በድንጋይ የተደለደለ አፍ አለ። ከታች ሃርዳ የሚሉት የውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ አለ። ከብቱ በበረት ታስሮ ነው የሚቀለበው፤ ፍግ በሰው ጀርባ ወደ ማሳ ይወጣል። ማሽላው መሐል ሽፈራው ቆሟል። ለውሃ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቋንቋው አስቸግሮን ነበር። አባትየው አማርኛ ትንሽ ነው የሚችሉት፣ አጎቴም ደህና አይደለም። በልጅየውና በእኔ በኩል ከኮንሶኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጌዴኦኛ ይዞራል። አንድ ነገር በሁለት ሰው አፍ ሲያልፍ ግማሹ ይቀራል። «ውሃውን አስቀምጠው» የተባለውን እኔ «ውሃውን ያዘው» ብዬ ለአጎቴ ነገርኩት። ያ ቃል ምን እንዳስከፈለን ወረድ ብዬ እጽፋለሁ። ድንጋይ ሲቀባበሉ ግን ሁለቱ ሽማግሎች በየቋንቋቸው ይቆጥሩ ነበር። ሦስት ላይ ሲደርሱ ቃሉ ተቀራረበ። ቆም ብለው ተያዩ፣ ከዚያ በኋላ ያለ አስተርጓሚ ነው የሠሩት።

ጥር 2017፤ የመጀመሪያው ካብ

መሣሪያ፦ ዲጂኖ 1,500 ብር፣ መዶሻ 900፣ ሲባጎና ገመድ 250። ዶማና አካፋ ቤት ነበረን። ኤ-ፍሬሙን (እኩል ከፍታ መለኪያውን) ከባህር ዛፍ እንጨት ራሴ ሠራሁት። ሁለት እግር፣ በእግሮቹ መሐል ሁለት ሜትር፣ አንድ አግዳሚ፣ ከላይ በሲባጎ የታሰረ ድንጋይ። ሲባጎው አግዳሚው መሐል ላይ ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አላውቅም።

ድንጋይ ዋናው ራስ ምታት ሆነ። ኮንሶ ሲቆፈር ድንጋይ ነው የሚወጣው። እኛ ጋ ሲቆፈር ቀይ አፈር ነው፣ አሁንም ቀይ አፈር ነው። ሁለት አይሱዙ ድንጋይ ገዛን፣ አንዱ 6,500፣ በድምሩ 13,000 ብር። መኪናው እስከ ቦታው አይገባም፤ የመጨረሻውን 300 ሜትር በአህያና በትከሻ። የቀረውን ከወንዙ ለቀምን። የወንዝ ድንጋይ ድቡልቡል ነው፣ አይያያዝም፤ በመዶሻ ፊት ማውጣት ነበረብን። ሦስት የቀን ሠራተኛ ለስምንት ቀን፣ በቀን 350፣ 8,400 ብር።

ሦስት መስመር አቆምን። እያንዳንዱ 12 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ቁመት። ኮንሶ እንዳየነው መስመሩን በኤ-ፍሬም ወደ የትም ሳያጋድል እኩል ከፍታ ላይ አወጣነው። ጫፎቹን ዘጋናቸው። የጀርባው ጠጠር አልበቃንም፣ ስለዚህ የታችኛውን መስመር ግማሽ በአፈር ሞላነው። እያወቅን ነው ያደረግነው። «ይችላል» አልን።

እስካሁን የወጣው 37,650 ብር። ገንዘቡ የዘንድሮ ቡና ሽያጭና የወንድሜ መዋጮ ነው።

የካቲት 19፤ ወደቀ

ያለ ወቅቱ ኃይለኛ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ንጋት ላይ ስንወጣ ከታችኛው መስመር ስምንት ሜትሩ ተንዷል። መሐለኛው ሆዱን ነፍቷል፤ ሲባጎ ወጥሬ ስለካው 14 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ገፍቷል። ከካቡ ጀርባ አፈሩ እንደ ገንፎ ሆኗል፣ ጫማዬ ተዋጠ።

ሰው አልተጎዳም። እናቴ ግን አንድ ድንጋይ በር ላይ ደርሶ አገኘች። ያን ቀን ከእሷ ጋር ማውራት ከበደኝ። ቤቷን ልጠብቅ ብዬ ከላይዋ ሌላ የሚወድቅ ነገር ነው የደረደርኩት። የላይኛውን መስመር በዚያው ቀን እስከ ጉልበት ዝቅ አደረግነው። ኮንሶ ደወልኩ።

መጋቢት 2017፤ እንግዶቹ

አባትየውና ታናሽ ወንድማቸው መጡ። መጓጓዣ 4,000። ለሥራ ቀናቸው በቀን 600 ለእያንዳንዳቸው፣ ሰባት ቀን፣ 8,400 ብር። መጀመሪያ አንቀበልም አሉ። አጎቴ ግድ ብሎ ነው የሰጣቸው። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። የኮንሶን ካብ የሚያውቅ ሰው በከተማ ከሚገኝ ኢንጂነር ያነሰ ባለሙያ አይደለም። አገር በቀል ዕውቀት ሲባል በነፃ የሚወሰድ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ ይሄ ያናድደኛል።

አባትየው ሲደርሱ ካቡን አላዩትም። መጀመሪያ ወደ ላይ ወጡ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ለማየት። ከዚያ ወደ ታች ወረዱ፣ የት እንደሚሄድ ለማየት። አፈር ዘግነው ጨመቁት። በዓመት ስንት ወር እንደሚዘንብ ጠየቁ። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ገደማ፣ እያረፈ፣ አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩ።

ከዚያ የተናገሩትን ልጅየው ስልክ ላይ ሆኖ ተረጎመልኝ። ኮንሶ ውሃ ይፈለጋል፣ ስለዚህ መስመሩ ሳያጋድል ይሠራል፣ ጫፉ ይዘጋል፣ ውሃው ይተኛል። እዚህ ውሃው ከተኛ ተራራውን ይዞ ይሄዳል። «ውሃውን አስቀምጠው ያልኩህ እኛ አገር ነው፣ ልጄ። እዚህ ሸኘው።»

ሁሉንም አፈረስን። ድንጋዩን በመጠን ለየነው፣ ይሄ ብቻ አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። ከዚያ እንዲህ ሠራን። መስመሩ በመቶ አንድ እንዲያጋድል በኤ-ፍሬሙ አንድ እግር ሥር የሁለት ሴንቲ ሜትር ጣውላ ቸነከርኩ፤ በየሁለት ሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ይወርዳል ማለት ነው። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ጫፍ ይሄዳል እንጂ አይቆምም። መሠረቱን 50 ሴንቲ ሜትር ቆፈርን። ቁመቱን ወደ 80 ዝቅ፣ ውፍረቱን ወደ 60 ከፍ አደረግን። የጀርባውን ጠጠር ለማሟላት አንድ አይሱዙ ጨመርን፣ 6,500 ብር። አሁን ጠቅላላው 56,550 ብር ደርሷል።

ካቡ ካጠረ መስመሩ መብዛት አለበት። አምስት መስመር ያስፈልጋል፣ ድንጋያችን ግን ለሦስት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ጎረቤታችን የገባችው። የላይኞቹን ሁለት መስመሮች ያለ ድንጋይ እንሥራ አለች፦ የአፈር እርከን፣ ጫፉ ላይ ደሾ ሣር፣ ከኋላው በጥቅጥቅ የተተከለ እንሰት። የእንሰት ሥር ጥልቅ አይደለም ግን ብዙ ነው፣ ቅጠሉም ዝናቡን ይሰብራል። አባትየው እንሰቱን ዞረው ዞረው አዩት፣ ግንዱን ዳሰሱት። ከዚያ ራሳቸው መስመሩን አሰመሩላት።

አንድ ነገር ላይ አልተስማሙም። እሳቸው ዋንዛ ካብ አጠገብ አይተከል፣ ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል አሉ። አጎቴ ደግሞ ሥሩ ነው ተራራውን የሚሰፋው አለ። ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ማናቸውንም ማሳመን የኔ ሥራ አይደለም። መሐለኛውን መስመር ለሁለት ከፈልነው፦ በቀኝ በኩል ዋንዛው ከካቡ አንድ ሜትር ላይ፣ በግራ በኩል ሦስት ሜትር ላይ። መልሱን ለማየት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ችካል ተክዬ ቀኑን ጻፍኩበት።

ሚያዝያ 2017፤ ውሃው የት ይሂድ

ሸኘው ተብሎ የለ? ወዴት? የማፋሰሻ ቦዩ የሚወርደው በጎረቤት ድንበር ነው። ቦዩን ልንቆፍር ስንል ባለመሬቱ ከለከለ። ልክ ነበር። የኛን ጎርፍ በሱ ቡና ላይ ልንለቅ ነበር። ከካቡ በፊት መጠየቅ የነበረበት ይሄ ነው። ኮንሶ ሳለን ከላይ ያለ ማሳ የሚለቀው ውሃ ከታች ያለውን እንዳይጎዳ የሚደረገውን ጥንቃቄ በዓይናችን አይተን፣ ቤታችን ስንመጣ ረሳነው።

ጉዳዩ ሶንጎ (የጌዴኦ ሽማግሎች ሸንጎ) ላይ ቀረበ። ሽማግሎቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለታችንንም ሰሙ፣ ቦታውንም ወርደው አዩ። ውሳኔው፦ ቦዩ ድንበሩን ተከትሎ ይወርዳል፣ ግማሹ ወርድ ከኛ፣ ግማሹ ከሱ። በየአራት ሜትሩ የድንጋይ ክትር (ውሃውን የሚያዘገይ ትንሽ ግድብ) እኛ እንሠራለን። መሐሉ በሣር ይሸፈናል፣ ሣሩን የሚያጭደው እሱ ነው። ከዝናብ በኋላ ቦዩን አብረን እንፈትሻለን። ሁለት ሰዓት የፈጀ ስብሰባ ነው፤ እኔ ለብቻዬ ብሟገት ዓመት የማይበቃው ጉዳይ ነበር።

ክትሮቹን ከተረፈው ድንጋይ በደቦ በሁለት ቀን ጨረስን። ወጪው ምሳ ብቻ ነው።

ግንቦት 2017፤ ዝናብና ተከላ

ሦስት ከባድ ዝናብ አለፈ። ከእያንዳንዱ በኋላ ሲባጎ እወጥራለሁ። ከመጀመሪያው በኋላ የታችኛው መስመር አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ተነፋ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። በካቡ ሥር በየድንጋዩ መሐል ንጹሕ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ንጹሕ መሆኑ ደስ ይላል፤ ደፍርሶ ቢወጣ ከኋላ አፈሩን እየበላው ነው ማለት ነበር።

የእንሰት ችግኙን ጎረቤታችን ነው ያዘጋጀችው። ወጣት እንሰት ተነቅሎ ግንዱ ይቆረጣል። ከሥሩ ያለው አምቾ (ወፍራሙ የመሬት ውስጥ ክፍል) መሐሉ ላይ ያለው ዋናው ቡቃያ ይወጣለታል፣ ጉድጓዱ በአፈርና በፍግ ተሞልቶ ይቀበራል። ዋናው ሲጠፋ ዙሪያውን ብዙ ቀንበጥ ይወጣል። እኔ አንዱን ሳዘጋጅ ዋናውን ቡቃያ አጥልቄ ሳላወጣ ቀብሬ አንድ ቀንበጥ ብቻ ሰጠኝ። የሷ እያንዳንዱ ከ40 በላይ አወጣ።

በእርከኑ ጫፍ ከተከልናቸው 40 የደሾ ሣር ቁርጦች አራት ደረቁ፣ ተተኩ። ቡናው ጥላ እስኪያገኝ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ አልን።

ሰኔ 2017፤ መልስ ጉዞ ወደ ኮንሶ

አባትየው ሲሄዱ ጎረቤታችንን ችግኝ እንድታስተምር ጠይቀዋት ነበር። ሄድን፣ ሁለታችን ብቻ። 12 የእንሰት ቀንበጥ ስጦታ ብለን ጭነን ነበር። መነኸሪያ ላይ አንድ የማውቀው የእርሻ ባለሙያ አይቶ አስቆመን። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በቀንበጥና በቢላ ይተላለፋል፤ የተክሉ መልክ ደህና ቢሆንም በውስጡ ሊይዝ ይችላል። እኛ ጋ ያለን በሽታ ሌላ ሰው ጓሮ ውስጥ ልናደርስ ነበር። ቀንበጦቹን መለስናቸው። ይሄን ነገር እኛ ራሳችን ማሰብ ነበረብን። ከአሁን ወዲህ ዕውቀት እንጂ ተክል አናጓጉዝም ብለን ተስማማን።

ጎረቤታችን ኮንሶ ላይ ያስተማረችው የቡና ችግኝ አፈላልና የጥላ ዛፍ ቅርንጫፍ አከረካከም ነው። ጥላው ሙሉ በሙሉ እንዳይከድን፣ ባዶም እንዳይቀር። ይሄ ጥሩ ሄደ። ከዚያ የችግኙን ሥር በደረቅ ቅጠልና አገዳ ሸፍኑት አለች። አገዳውን ሸፈንነው። በማግስቱ አገዳው ተነስቶ በረት ገብቷል። የማሽላ አገዳ እዚያ የከብት ቀለብ ነው፣ መሬት ላይ የሚተኛ ትርፍ የለም። ቅር አላት፣ ምክንያቱም ያለ ሽፋን ችግኙ በዚያ ፀሐይ አይቆይም።

አባትየው ትንሽ አሰቡና ጠፍጣፋ ድንጋይ ለቅመው በችግኙ ዙሪያ ደረደሩ። ከሰዓት በኋላ አንዱን አንስታ ሥሩን ነካች። እርጥብ ነው። «እኛ ቅጠል አለን፣ እናንተ ድንጋይ አላችሁ» አለቻቸው። እንደ ልጅ ነው ደስ ያላት። ለ30 ችግኝ እንዲሁ አደረግን። የቀሩት አሥሩ ያለ ሽፋን ተተዉ፣ ለማነጻጸር። ልጅየው በየሁለት ሳምንቱ ፎቶ ይልክልናል።

ሐምሌ 2017፤ አሁን ያለበት

ከክትሮቹ ኋላ ደለል ሞልቷል፣ ከፍተኛው 45 ሴንቲ ሜትር። ሦስቱ ካብ ቆመዋል። ከላይኞቹ የእንሰት መስመሮች በአንዱ ላይ አይጥ ሁለት ሜትር ያህል ሥሩን በልታ አፈሩ ጎድጉዷል፤ ሞልተን ደገምነው።

ኮንሶ ካሉት ችግኞች ድንጋይ ከተደረገላቸው 30 ውስጥ 26 አሉ፣ ባዶ ከቀሩት አሥር ውስጥ ሦስት። ትናንት አባትየው በልጃቸው ስልክ ደውለው ስለ ካቡ ጠየቁኝ። ቆሟል አልኳቸው። የሦስት ሴንቲ ሜትሩን ነገርም አልደበቅኩም። የውሃ መውጫው አፍ ላይ ሣር እንዳይዘጋው በየዝናቡ በእጄ እንድጠርግ ነገሩኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ አየሁ፤ የመሐለኛው መስመር አፍ ግማሹ በደሾ ተደፍኗል። ቆረጥኩት። ቅዳሜ ከባለድንበራችን ጋር ቦዩን እንወርዳለን።